የናዝሬቷ ልጅ የመጣችበት ጾም

የካቲት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ሁዳዴ ሰኞ ይገባል። የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውሃ አበሰልኩና ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ጤና አዳም ጨምሬ ስልጆውን በማሰሮ ከደንኩት። እስከ ሰኞ ይብላላል። የጓሮውን ሦስት መደብም ቆፍሬ ጨርሻለሁ። ጓሮ መባሉ ለስሙ ነው፤ በእኛ ቤትና በጎረቤቴ በአዚዛ ሱቅ ጀርባ መካከል የቀረች ቁራሽ መሬት ናት። አባቴ ይህን ቤት ከቀበሌ ሲከራይ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ነበረች። አባቴ ሲሞት ቤቱ ወደ እኔ ስም ዞረ፤ መሬቷን ግን ያገኘኋት በወገቤ ነው። ከቄራ የመጣ ፍግ በጆንያ ተሸክሜ ያፈሰስኩባት እኔ ነኝ። አሁን የጎመን፣ የሰላጣ፣ የካሮትና የቀይ ሥር ቦታ አላት። ቤቴ እንዲህ ነው። የሚበላው ከጓሮ፣ ጸሎት ከማዕድ በፊት፣ ወሬ ከበር ውጭ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ዋናው ነገር ላይ ላለመድረስ ነው።

ግርማይ ከሥራ ገብቶ ራቱን በላና እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ።

"ያቺ ሴትዮ ሞተች" አለኝ።

ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው "ያቺ ሴትዮ" ያለው። ናዝሬት ምግብ ቤት ነበራት። ግርማይ ካዛንቺስ ካለው የመኪና ዕቃ መደብር ዕቃ ሊያደርስ ሲመላለስ ነው የተዋወቃት። የዛሬ ስምንት ዓመት ከእሷ ልጅ እንዳለው ባወቅሁ ጊዜ የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደአማኑኤል አስታረቁን። ግርማይ መስቀል ስሞ "ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም፤ ለልጅቷ ቀለቧን በሰው እልካለሁ" አለ። ይቅር አልኩት። ይቅር ብያለሁ። ያለቀ ነገር ነው።

"ልጅቷስ?" አልኩት።

"ማንም የላትም።"

"ቄራ የምትኖር አክስት አላት አላልክም?"

"አለቻት፤ ግን..." አለና እጁን አየ።

"ትምጣ። የክርስቲያን ቤት ነው።"

ፊቱ እንዲህ ሲበራ ካየሁ ቆየሁ። የበራው ለእኔ አይደለም።

የካቲት 7፣ እሑድ

ቅበላ። ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ጥብስ፣ አልጫ፣ አይብ በጎመን። ልጅቷ አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ገባች። ሲምረት ትባላለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ የግርማይ ነው። አቀማመጧም የእሱ ነው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንዳለ ሰው።

"ብዪ እንጂ" አልኳት።

"አልራበኝም።"

"ከናዝሬት እዚህ ድረስ ምን ቀመስሽ?"

"ምንም።"

"እና?"

"አልራበኝም አልኩዎት እኮ።"

እርስዎ ትለኛለች። ግርማይ "አንቺ በያት፤ ከእንግዲህ እናትሽ ናት" አላት። ሁለታችንም እኩል ገላመጥነው።

መኝታዋን ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ አነጠፍኩላት። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ አለ፤ ግን እንግዳ ሊመጣ ይችላል። ዕቃ ቤቷ ትጠባለች እንጂ ትሞቃለች።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

ውሃ ከትናንት ጀምሮ የለም። የሰላጣውን ዘር እንዳይደርቅ አትክልት የታጠበበትን ውሃ አጠጣሁት።

ለልጅቷ የቤቱን ሥርዓት ነገርኳት። ማለዳ ውዳሴ ማርያም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ወደ አፍ አይገባም። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት። ጓሮውን አለመንካት።

"መተንፈስስ ይቻላል?" አለች።

ግርማይ ሳቀ። ሳቀ!

መሸኛዋን ይዤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት የዞርኩት፣ ለዳይሬክተሩ የለመንኩት፣ ሰባተኛ ክፍል ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሱ ሥራ አለው።

የካቲት 16፣ ማክሰኞ

ኪዳነ ምሕረት። የማኅበራችን ተራ እኔ ቤት ነበር። ዳቦው እንደ ጥጥ ሆኖ ወጣልኝ፣ ስልጆውን ሁሉም አመሰገነው። ጠላ ልቀዳ ወደ ጓዳ ስገባ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁ።

"የባሏን ዲቃላ አመጣች አሉ።"

"ታዲያ መካን ሴት ምን ምርጫ አላት?"

"ከሁላችን የበለጠች ጻድቅ የሆነች ይመስላታል እኮ።"

ጠላውን ይዤ ወጣሁ፤ ቀዳሁላቸው፤ "ጠጡ እንጂ" አልኳቸው። ስለ ሁለተኛው ንግግር እዚህ አልጽፍም።

ልጅቷ ሰማች መሰለኝ። ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ "እነዚህ ሴትዮዎች ጓደኞችዎ ናቸው?" አለችኝ።

"የማኅበር እህቶቼ ናቸው።"

"እሺ" አለች። "እሺ" አባባሏን ብትሰሙት።

የካቲት 20፣ ቅዳሜ

ከአዚዛ ጋር ተጣላሁ። ከመጋቢት ዝናብ በፊት ጎመኑን ልኮተኩት በማለዳ ስወጣ ልጅቷ የአዚዛ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ሻይ በዳቦ ትበላለች። ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም!

"አዚዛ፣ ጾም መሆኑን እያወቅሽ?"

"ርቧት ነው እጹ። ቁርስ ሳትበላ ትምህርት ቤት ስትሄድ ስንት ቀን አየኋት። ፊቷን አላየሽውም?"

"የቤቴን ልጅ እኔ አሳድጋለሁ።"

"ታዲያ አሳድጊያት" አለችና ስኳር መመዘኗን ቀጠለች።

ከአዚዛ ጋር አንድ ግቢ ስንኖር አሥራ ምናምን ዓመታችን ነው፤ በእሷ ረመዳን እኔ፣ በእኔ ፋሲካ እሷ እየተጠራራን። ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በዚች ልጅ ምክንያት ዛሬ ተለዋወጥን።

እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ እጾም ነበር። እናቴ ግን ስደክም ታውቅብኝ ነበር። ሽምብራ ቆልታ በኪሴ ትጨምርልኝ ነበር። አሁን ትዝ አለኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም አይለውጥም።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

ሰላጣው ቡቃያው ወጣ! እንደ ፀጉር ቀጭን፣ ግን ቀጥ ያለ። ካሮቱ ገና ነው።

ራት ላይ ሽሮውን ቀመሰችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ለእኔ አይደለም፣ ለአባቷ ነው የተናገረችው።

"እማዬ ሽሮ ላይ ኮረሪማ አታበዛም። ለዚህ አይደል እሷ ጋ ስትበላ ሁሌ ሁለቴ የምትደግመው?"

ግርማይ ውሃ ጠጣ። እኔ እንጀራ ልጨምር ተነሳሁ።

ልጅ ሆና ያየችውን ነው የምታወራው። ከስምንት ዓመት በፊት ያየችውን። ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር። አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ሰው ሁለቴ መድገሙን ታስታውሳለች? ታስታውሳለች። ልጆች ብዙ ነገር ያስታውሳሉ።

ኮረሪማዬ አይበዛም።

መጋቢት 5፣ እሑድ

ደብረ ዘይት። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት አልተመለስኩም። በእግሬ እስከ ቄራ ሄድኩ፤ አክስቷን ፀሎትን አፈላልጌ አገኘኋት። ከሥጋ ቤቶቹ ኋላ አንዲት ክፍል ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሥጋ ቤቶቹ በጾሙ ተዘግተዋል፤ ደጁ ግን ዝንብ ነው። ሴትዮዋ ለእህቷ ጥቁር ለብሳለች። አላለቀሰችም፤ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ።

"ልጅ ከእናቷ ወገን ጋር ብትሆን ነው የሚሻላት" አልኳት። "እኔ ለእሷ ባዕድ ነኝ።"

"ለእርስዎም ሸክም ናት" አለች።

"እንደዚያ አላልኩም።"

"ግድ የለም። ፋሲካ ይለፍና እመጣለሁ። መላ አላጣላትም።"

ምን ዓይነት መላ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቸኩዬ ነበር።

ይህን ያደረግሁት ለልጅቷ ብዬ ነው። እኔ ቤት ደስተኛ አይደለችም። ይህን ማንም ያያል። ለግርማይ ገና አልነገርኩትም፤ ጊዜው ሲደርስ እነግረዋለሁ።

መጋቢት 12፣ እሑድ

መምሬ ወልደአማኑኤልን ከቅዳሴ በኋላ የቂርቆስ ግቢ ውስጥ አነጋገርኳቸው። ስለ አክስትየዋ ነገርኳቸው፤ ይባርኩልኛል ብዬ ነበር።

"ልጅቷ ምን አለች?"

"ልጅ እኮ ናት አባቴ። ምን ትላለች?"

"ባልሽስ?"

"እሱ... ከሥራ ደክሞ ነው የሚገባው።"

መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። "አንቺ የመጣሽው እንድመክርሽ ነው ወይስ ‘ደግ አደረግሽ’ እንድልሽ?"

ሽማግሌ ሆነዋል፤ የሚናገሩትን አያስተውሉም። እጅ ነስቼ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ተቃጠልኩ። ጌታ ሆይ፣ በካህን ላይ እንዲህ መጻፌን ይቅር በለኝ። ግን ይቅር እንድትለኝ ብዬ አላጠፋውም።

መጋቢት 16፣ ሐሙስ

ዝናብ! በልጉ ገባ። ቆስጣ ጨምሬ ዘራሁ። እጄ ጭቃ ነው፤ ወረቀቱን አበላሸሁት።

ግርማይ ዛሬም በጊዜ ገባ። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ ዕቃ ይዞ እስከ ደብረ ዘይት ከተማ ይወርድና አምሽቶ ነበር የሚመለሰው። ከጥር ወዲህ አይወርድም። ሥራ ቀዝቅዟል ይላል። ጥሩ ነው። ለጤናውም ጥሩ ነው።

መጋቢት 22፣ ረቡዕ

እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም።

ፀሎት ወደ አዚዛ ሱቅ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው አዚዛ ናት፤ እኔን ልታስጠራ የላከቻት ደግሞ ሲምረትን። ልጅቷ "ጎመን እያጠጡ ነው፣ ምን ልበልልዎት?" ብላ ራሷ ስልኩን ያዘች። ሴትዮዋም ማን እንደሆነች እንኳን ሳትጠይቅ "የፋሲካ ማክሰኞ መጥቼ ልጅቷን እወስዳታለሁ፤ እንደተነጋገርነው በያት" አለቻት።

መልእክቱን ቃል በቃል መጥታ ነገረችኝ። "እንደተነጋገርነው" ስትል ብቻ ቆም አለች።

ላስረዳት ሞከርኩ። "ለአንቺ ጥቅም..." ስል ወደ ዕቃ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ከውስጥ በጀርባዋ ተደግፋው እንደሆነ ገባኝ።

መጋቢት 24፣ ዓርብ

ሰው ሁሉ ተኝቷል። ሁሉንም በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ከስግደት ስመለስ ግቢው በረኪና በረኪና ይሸታል። ልብስ ያጠበች መስሎኝ ነበር። ጓሮ ስደርስ የሰላጣው መደብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኗል። ቡቃያው ተኝቷል። ጎመኑም ግማሹ። ጠርሙሱ እዚያው ተጋድሟል፤ ልትደብቀው እንኳን አልፈለገችም።

ደጃፍ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ የደፋሁት።"

"ለምን?"

"እርስዎም እኔን ቄራ ሊደፉኝ አይደል?"

በጥፊ መታኋት። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም። ወደ ኋላ አልሸሸችም፤ ጉንጯን እንኳን አልነካችውም።

"ይምቱኝ" አለች። "እማዬን ግን አይደርሱባትም። አባዬ ሐሙስ ሐሙስ ሲመጣ በር ላይ ወጥታ ነበር የምትጠብቀው።"

"ውሸታም!"

"ይህን ሹራብ ለገና ማን የገዛልኝ ይመስልዎታል? እስክትሞት ድረስ እጇን ይዞ የተቀመጠው ማን ነው?"

ጥር ላይ ግርማይ ሦስት ሌሊት አድሯል። የዓመቱ የመደብር ቆጠራ ነው፣ እዚያው እናድራለን ብሎኝ። ስንቅ ቋጥሬለታለሁ። ሌሊት ተነስቼ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ገና ሳይበርድ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። ለመደብሩ ሰዎችም ይበቃ ብዬ ትልቅ አድርጌ።

ምንም አልጠየቅኋትም። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

"ዳቦ ይዞ መጥቶ ነበር። እማዬ ለብዙ ቀን ምንም አልበላም ብላ ነበር። ያንን በላች። በሻይ እያራሰ አበላት። ‘ማን ነው የጋገረው፣ እጇ ይባረክ’ አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልቀመሰችም።"

ይህን ስትነግረኝ በእልህ አልነበረም። በእልህ ብትሆን ኖሮ እንደገና እመታት ነበር።

ጓሮው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ጭቃው ላይ። አዚዛ በሱቋ መስኮት አየችንና መስኮቱን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ስምንት ዓመት። ሐሙስ ማታ መንገድ ላይ ነው ብዬ "በሰላም መልሰው" እያልኩ ስጸልይ የኖርኩት።

መጋቢት 28፣ ማክሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። አልነገርኩትም። ራት አቀርባለሁ። ይበላል። "አሞሻል?" ይላል። "ጾም ነው" እላለሁ። ስለ መደቡ "ምን ነካው?" ሲለኝ "በረዶ" አልኩት። አመነ። ይህ ሰው እኔ ያልኩትን ሁሉ ያምናል፤ እኔም እሱ ያለኝን ሁሉ።

ልጅቷ በረዶ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

ሚያዝያ 1፣ ዓርብ

ስቅለት። ቀኑን ሙሉ ቂርቆስ ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ አብጧል። መምሬ ወልደአማኑኤል በወይራው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው "ምን አለ ልጄ?" አሉኝ። ልጅ መምታቴን ነገርኳቸው። ሌላውን አልነገርኳቸውም። የሌላ ሰው ኃጢአት እኔ ምን ልናዘዘው?

በሰገድኩ ቁጥር ማሰብ የነበረብኝ ስለ ጌታ ነበር። ያሰብኩት ስለ ዳቦው ነው።

ሚያዝያ 3፣ እሑድ

ትንሣኤ። ዶሮውን እንደ ወጉ አወጣሁት፤ ሽንኩርቱን ያለ ውሃ አብስዬ፣ በርበሬውን አስክኜ። ሦስታችን በአንድ ትሪ ተቀመጥን። ግርማይ ባረከና ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

"እጹ፣ ዘንድሮስ ጉድ ነው! ጣት ያስቆረጥማል።"

"ከናዝሬቱ ይሻላል?"

እጁ ትሪው ላይ ቀረ።

"የቱ?"

"የሐሙሱ።"

ልጅቷን አያት። እሷም አፍጥጣ አየችው። ወጡ ቀዘቀዘ። ከዚያ ያለው ይህ ነው፦ "አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።" ቆይቶ ደግሞ "ልጅ ነበራ፣ ምን ላድርግ?" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ታማ ነበር" አለና አለቀሰ። የእውነት ነው ያለቀሰው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ከዚህ ሰው ጋር፤ ስለ እኔ አልቅሶ ያውቃል? እዚህ ድረስ ወርጄ ከሟች ጋር እለካካለሁ። ራሴን ተጸየፍኩት።

ልጅቷ የገና ሹራቧን ለብሳ ነበር።

ሚያዝያ 5፣ ማክሰኞ

ፀሎት ከቀትር በኋላ መጣች። ግርማይም በዓል ስለሆነ ቤት ነበር። ስለ እሷ መምጣት ጠዋት ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተቆጣም። ሲምረት ፌስታሏን ይዛ ሳሎን ጥግ ቆመች።

ምሳ አቀረብኩ። ሴትዮዋ ጎረስ አድርጋ መላዋን ዘረገፈችው።

"ቦሌ ትልቅ ቤት አግኝቼላታለሁ። ሁለት ሕፃናት አሉ፣ እነሱን ትይዛለች። እዚያው ታድራለች። ያለብሷታል፣ ያበሏታል።"

"ትምህርቷስ?" አልኩ።

"ከፈለጉ ማታ ያስተምሯታል።"

"ሰባተኛ ክፍል ናት እኮ! ፈተናዋ ደርሷል።"

"እኔ አራተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። እንግዲህ እኔ ቤት አራት ሆነን አንድ ፍራሽ ላይ አንተኛ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ደጄ ድረስ መጥተሽ የለመንሽኝ? አሁን ምን ተገኘ?"

ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

"አዎ" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ወደ ግርማይ ዞርኩ። አባቷ ነው። አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ፣ ሰበሰበና፦

"ለጊዜው... ይሻላት ይሆናል። እጹም ደስ እንዲላት" አለ።

እጹም ደስ እንዲላት! እኔ እዚህ ደብተር ላይ ስንት ቀን የጻፍኩትን፣ ለልጅቷ ነው ብዬ ያስጌጥኩትን፣ እሱ በአንድ አፍ እንደ ስጦታ አቀረበልኝ። የእናትየዋን እጅ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ የልጅቷን እጅ እንዲህ ነው የሚለቀው። ከኋላው ስለቆመች ፊቷን አላየውም። እኔ አየሁት። ስመታት እንደዚያ አልሆነችም።

"ሲምረት፣ ፌስታልሽን መልሺ" አልኩ።

"ምን?" አለች ፀሎት።

"አትሄድም። ለምሳው ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ።"

ሴትዮዋ ነጠላዋን እያጣፋች እየተራገመች ወጣች። ግርማይ ፈገግ ሊል ሞከረ። "እንዲህ ብትይ ኖሮ እኮ እኔም..." ብሎ ጀመረ።

"አንተም ልብስህን ሰብስብ። ላንቻ ወንድምህ ጋ ሂድ።"

"እጹ፣ በፋሲካ?"

"በፋሲካ።"

ሚያዝያ 11፣ ሰኞ

አባቷን ያባረርኩባት እኔ ነኝ። አምስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ዛሬ "እሱን ይመልሱልኝ" ብላ ሰሃን ወረወረች። ሰሃኑ የሠርጌ ነበር። ስብርባሪውን ራሷ ጠረገችው፤ እኔ አልረዳኋትም።

በረኪና የጠጣውን አፈር ዝቀን በጆንያ አወጣን። ሥራውን የምትሠራው እንደተቀጣች ነው።

"ይህን ያህል አልደፋሁም።"

"ጠርሙስ ሙሉ ነው የደፋሽው።"

"ግማሽ ነበር!"

"ዝቂ።"

አዚዛ ሳትጠራ አካፋ ይዛ መጣች። እሷንም ይቅርታ አልጠየቅኋትም። እንዴት እንደሚጠየቅ ጠፍቶብኝ ነው። አካፋውን ከኋላዬ ስትሰካ ግን ቦታ ለቀቅሁላት።

ሚያዝያ 19፣ ማክሰኞ

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ነጠላ የተከናነበች የማኅበር እህቴ ለሌላዋ፦ "ባሏን አባርራ ዲቃላውን አስቀረች። አእምሮዋን ሳይነካት አልቀረም።" እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሰላም አልኳቸው።

እውነት ለመናገር ቤቱ ያለ ግርማይ ይሰፋል። ሁልጊዜ ለሦስት እያቀረብኩ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቆ እንደሚያገኛት አውቃለሁ፤ ማስቲካ ይዛ ትመጣለች። አልከለከልኳትም። ከመጣች በኋላ ግን አለቅሳለሁ፤ ስለ እሱ ምንም ስለማትነግረኝ።

ዕቃ ቤቷ ውስጥ ዝናብ ገባ። ወደ ሳሎን አዛወርኳት። እንግዳ ቢመጣ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ግንቦት 1፣ እሑድ

ልደታ። የሰፈሩ ሴቶች ደጅ ላይ ንፍሮ ቀቅለን ከልጅ እስከ አዋቂ ተቃምሰናል። ሽማግሌዎቹ ይህን ቀን የመረጡት እምቢ እንዳልል ነው። ሦስት ሆነው መጡ፦ የግርማይ ታላቅ ወንድም ገብረዋህድ፣ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ደጋጋ፣ መምሬ ወልደአማኑኤል። ሲምረት ወጥ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

አቶ ደጋጋ ጀመሩ። ግርማይ ተጸጽቷል፤ ከስቷል፤ አሁን ደግሞ ወዲያ የሚያስኬደው ሰው የለም። ከዚያ ገብረዋህድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እጸገነት፣ አንቺ በደለኛ አይደለሽም። ይህ ሁሉ የመጣው ልጅቷ ከገባች ወዲህ ነው። ስለዚህ እሷ ወደ አክስቷ ትሄዳለች፤ ተነጋግረናል። እሱ ወደ ቤቱ ይገባል። ትዳራችሁ እንደ ድሮው ይሆናል። ልጅቷም አንቺን አትፈልግም፤ አንቺም እሷን አትፈልጊም። ሁሉም የልቡን አገኘ ማለት ነው።"

የካቲት ላይ ቢሆን ተንበርክኬ ጉልበቱን እስም ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ነበር የምፈልገው። መምሬ ወልደአማኑኤል አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔን አያዩኝም። እንዲመክሩኝ ፈለግሁ።

"ነገ ፈተና አላት" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ ገብረዋህድ።

"ሲምረት። ነገ ፈተና አላት። ከነገ ወዲያም አላት።"

"እሺ፣ ከፈተናው በኋላ..."

"ከዚያ ስምንተኛ ትገባለች። ለግርማይ ንገሩት፤ ልጁን ማየት ከፈለገ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጣ፣ ምሳ አለ። ስለ እኔና ስለ እሱ ገና አላሰብኩም። ሳስብ እኔው እልክበታለሁ።"

ገብረዋህድ ተቆጥቶ ተነሳ። አቶ ደጋጋ "ልደታ ታስታርቃችሁ" ብለው ተከተሉት። መምሬ ወልደአማኑኤል መጨረሻ ወጡ፤ መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደው ለእሷም ዘረጉላት። ተሳለመች።

ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"እርስዎ አይወዱኝም" አለችኝ ከበሩ።

መዋሸት እችል ነበር። "አዎ" አልኳት።

"እኔም አልወድዎትም።"

"አውቃለሁ።"

"እና ለምን?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠየቅ ከወንጌል አንድ ቃል አላጣም ነበር። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤ ምንም አልመጣልኝም።

"ነገ ሂሳብ ነው?" አልኳት።

"እንግሊዝኛ።"

"እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ። ደብተርሽን አምጪ።"

ደብተሯን አመጣች። ከእኔ ራቅ ብላ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሰጠችኝን መልስ ተሳስታ ነበር፤ ስነግራት ተከራከረችኝ። ሁለተኛውን ግን ትክክል ነበረች፣ እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት። መብራት እስኪሄድ ድረስ አጠናን።